ሰርቨሩን ራሱን ጠይቁት

ሰኔ ሲገባ መሥሪያ ቤት ሁሉ ቆጠራ ይጀምራል። ወንበር ይቆጠራል፣ ጠረጴዛ ይቆጠራል፣ የዳታ ሴንተሩ በር ይከፈትና ሰርቨሮቹም ይቆጠራሉ። ከንብረት ክፍል የመጣው ሰው የተለጠፈውን ቁጥር አንብቦ መዝገቡ ላይ ምልክት ያደርጋል። ሰርቨሩ አለ፣ አልጠፋም፣ አለቀ። ለንብረት ክፍል ይህ በቂ ነው። የሚያሳዝነው እኛ የአይቲ ሰዎችም ስለ ሰርቨሮቻችን የምናውቀው ከዚያ ብዙም የማይበልጥ መሆኑ ነው። ስንት እንደሆኑ እናውቃለን፣ ሞዴላቸውን እናውቃለን፣ በየትኛው ጨረታ እንደተገዙ እናውቃለን። ባዮሳቸው ምን ላይ እንደተስተካከለ፣ የዲስካቸው ፈርምዌር ስንተኛ እንደሆነ፣ መብራት ሄዶ ሲመጣ ራሳቸው ይነሱ እንደሆነ ስንጠየቅ ግን አንድ የኤክሴል ፋይል እናወጣለን።

ፋይሉን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ስሙ ላይ «የመጨረሻ» የሚል ቃል አለበት፣ ከጎኑ ደግሞ «የመጨረሻ 2» የሚባል ወንድም አለው። የሞላው ልጅ ከሁለት ዓመት በፊት ለቆ ዱባይ ወይም ቨርጂኒያ ነው ያለው። ሰርቨሮቹን ያስገባው ድርጅት በርክክብ ቀን ያስረከበን ወፍራም ሰነድም አለ፤ እሱ እውነት የነበረው የተፈረመበት ቀን ብቻ ነው።

ዛሬ ልሟገትለት የፈለግሁት ነገር አጭር ነው። ስለ ሰርቨር ኮንፊገሬሽን የሚቀርብ ሪፖርት ከሰው ትዝታ ሳይሆን ከሰርቨሩ ከራሱ መምጣት አለበት። ለዚህ የሚያስፈልገው መሣሪያ ደግሞ የአብዛኞቻችን ኮምፒውተር ላይ ያለው ፓወርሼል ነው። አማካሪ መቅጠር አያስፈልግም፣ አዲስ ሶፍትዌር መግዛትም አያስፈልግም። በዚህ የማይስማሙ ብዙ ጓደኞች አሉኝ፣ ምክንያታቸውንም እመጣበታለሁ።

መጀመሪያ ፕሮፋይል ስል ምን ማለቴ እንደሆነ ላስረዳ፤ ቃሉ በየአምራቹ ይለያያል። ባጭሩ የአንድ ሰርቨር ጠባይ በጽሑፍ ሲቀመጥ ነው። በዴል ሰርቨሮች ውስጥ አይድራክ የሚባል ትንሽ ኮምፒውተር አለ፤ ዋናው ሰርቨር ጠፍቶም ቢሆን ኤሌክትሪክ እስካገኘ ድረስ ይሠራል። ይሄ አይድራክ የባዮሱን፣ የሬይድ ካርዱን፣ የኔትወርክ ካርዱንና የራሱን ሴቲንግ በሙሉ በአንድ ፋይል ጠቅልሎ ያወጣል፣ በኤክስኤምኤል ወይም በአዳዲሶቹ ላይ በጄሰን። በኤችፒ ኢንተርፕራይዝ በኩል ዋን ቪው የሚባለው ማስተዳደሪያ «ሰርቨር ፕሮፋይል» እና «የሰርቨር ፕሮፋይል ቴምፕሌት» የሚሉ ሁለት ነገሮች አሉት፤ ቴምፕሌቱ እናት ነው፣ ፕሮፋይሎቹ ከእሱ ይወለዳሉ። ሲስኮ ደግሞ ዩሲኤስ በሚባለው ሲስተሙ ላይ «ሰርቪስ ፕሮፋይል» ይለዋል። ኤችፒና ሲስኮ የራሳቸውን የፓወርሼል ሞጁል አዘጋጅተዋል። ዴልን ደግሞ በሬድፊሽ መጠየቅ ይቻላል። ሬድፊሽ እ.ኤ.አ. በ2015 ዲኤምቲኤፍ በሚባለው የኢንዱስትሪው ማኅበር የወጣ ስታንዳርድ ነው፤ ከዚያ ወዲህ የመጡ የታወቁ አምራቾች ሰርቨሮች በድር አድራሻ ይጠየቃሉ፣ መልሳቸውንም በጄሰን ይሰጣሉ። በአጭሩ፣ ሰርቨሩ መናገር ይችላል። ያልጠየቅነው እኛ ነን።

ለምን ይህን ያህል እንደምጨቀጭቅ የሚያስረዳ አንድ ታሪክ አለ፤ የእኔ አይደለም፣ ዓለም የሚያውቀው ነው። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2019 ኤችፒ ኢንተርፕራይዝ አንድ ማስጠንቀቂያ አወጣ። አንዳንድ የኤስኤኤስ ኤስኤስዲ ዲስኮቹ ልክ 32,768 ሰዓት ሲሠሩ ይሞታሉ አለ። ሲሰላ 3 ዓመት ከ270 ቀን ከ8 ሰዓት ነው። መሞት ሲባል መዘግየት ወይም ማስቸገር አይደለም፤ ዲስኩም አይመለስም፣ በላዩ ያለው ዳታም አይመለስም። መዳኛው ኤችፒዲ8 የሚባለውን ፈርምዌር ሰዓቱ ሳይደርስ መጫን ነበር። ጥቂት ወራት ቆይቶ በማርች 2020 ደግሞ በሌሎች ሞዴሎች ላይ ተመሳሳይ ነገር ተገኘ፤ የእነዚያ መሞቻ 40,000 ሰዓት ነበር።

አሁን ወደ እኛ አገር አምጡት። ሰርቨር የሚገዛው በጨረታ ነው። አንድ ጨረታ 20 ሰርቨር ያመጣል፣ 20ውም በአንድ ሳምንት ራክ ውስጥ ገብተው ይበራሉ። ስለዚህ ዲስኮቻቸው 32,768 ሰዓት የሚሞላቸው በአንድ ሳምንት ውስጥ ነው። በአንድ ሰርቨር ውስጥ ያሉት ዲስኮች ደግሞ የሚሞላቸው በአንድ ቅጽበት ነው ማለት ይቻላል። ሬይድ የተሠራው አንድ ዲስክ ዛሬ፣ ሌላው ከወራት በኋላ ይሞታል በሚል ግምት ነው። ሁሉም አብረው ሲሄዱ ሬይድ አያድንም። ከዚህ የሚያድነው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፦ «እነዚህ ሞዴሎች የትኞቹ ሰርቨሮቻችን ላይ አሉ፣ ፈርምዌራቸውስ ስንት ነው?» ይህን በስክሪፕት የሚጠይቅ ሰው ማስጠንቀቂያው በወጣ በዚያው ቀን ከሰዓት በፊት ዝርዝሩ በእጁ ነው። በኤክሴል የሚኖር ሰው ዳታ ሴንተር ገብቶ አንድ በአንድ ማየት አለበት። ያውም ማስጠንቀቂያውን ካነበበው።

ከውጭ ታሪክ ይልቅ የራሳችን መብራት ይበልጥ ያስተምራል። በዴል ባዮስ ውስጥ «ኤሲ ፓወር ሪከቨሪ» የሚባል ሴቲንግ አለ። ሦስት ምርጫ አለው፤ መብራት ሲመለስ ተነሳ፣ ጠፍተህ ቆይ፣ ወይም ቀድሞ እንደነበርክበት ሁን። ሌሎቹም አምራቾች በሌላ ስም ያው አላቸው። ሦስተኛው ምርጫ ሲሰሙት ብልህ ይመስላል፣ በዴልም ከፋብሪካ ሲመጣ የተደረገው እሱ ነው። ግን እስቲ በደንብ እንየው። መብራት ሄደ፣ ጄኔሬተሩ አልነሳም አለ፣ የዩፒኤሱ ባትሪ እያለቀ ነው። የዩፒኤሱ ሶፍትዌር እንደ ጨዋ ሠራተኛ ሰርቨሮቹን በሥርዓት አጠፋቸው። ከ10 ደቂቃ በኋላ ኤሌክትሪኩ ፈጽሞ ተቋረጠ። ሌሊት 9 ሰዓት ላይ መብራት መጣ። ሰርቨሩ ቀድሞ የነበረበትን ያስታውሳል፤ ጠፍቶ ነበር። ስለዚህ ጠፍቶ ይቆያል። ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል ላይ ደንበኛ መስኮቱ ጋ ቆሞ «ሲስተም የለም» ይባላል።

እሺ፣ ሁሉንም «ተነሳ» ላይ እናድርገው? እሱም የራሱ ጣጣ አለው። አርባ ሰርቨር በአንድ ጊዜ ሲነሳ ብሬከሩን ሊጥል ይችላል፤ ስቶሬጁ ገና ሳይነሳ ሆስቶቹ ቀድመው ተነስተው ዲስክ አጣን እያሉ ይጮሃሉ። ለዚህ ነው ከዚያው ሴቲንግ ሥር የመዘግየት ሰዓት የሚሞላበት ቦታ ያለው። የትኛው ሰርቨር መቼ ይነሳ የሚለው የእናንተ ውሳኔ ነው። የእኔ ጥያቄ ሌላ ነው፦ ዛሬ፣ አሁን፣ አርባዎቹ ሰርቨሮቻችሁ ይህ ሴቲንግ ምን ላይ እንደሆነ ታውቃላችሁ? አንድ ሰው ይህን ጥያቄ በስብሰባ ላይ ሲጠየቅ «ስታንዳርዳችን እንደዚያ ነው» ሲል ሰምቻለሁ። ስታንዳርድ ምኞት ነው። ማዘርቦርድ ተቀይሮለት ወደ ፋብሪካ ሴቲንጉ የተመለሰው ሰርቨር ስታንዳርዱን አላነበበም።

ይሄ የማዘርቦርድ ነገር በእውነት የደረሰ ነው፤ ቤቱን አልጠራም። 12 ሆስት ያለው ክላስተር ነበር። አንዱ ሆስት ላይ የሚወድቁ ቨርቹዋል ማሽኖች ሁልጊዜ ይዘገያሉ። ለወራት ኔትወርክ ተጠረጠረ፣ ዳታቤዝ ተጠረጠረ፣ አፕሊኬሽኑን የሠሩት ልጆች ሁለት ጊዜ ተሰድበዋል። በመጨረሻ ሁሉንም ባዮስ ጎን ለጎን የሚያስቀምጥ ስክሪፕት ሲሮጥ 11ዱ ሙሉ ኃይል ላይ ናቸው፣ አንዱ ብቻ ኃይል ቆጣቢ ላይ ነው። ማዘርቦርዱ የተቀየረው እሱ ነበር። ስክሪፕቱ ለመሮጥ 2 ደቂቃ አልፈጀበትም።

ለምን ፓወርሼል? ፓይተን የሚወዱ፣ አንሲብል የሚወዱ አሉ፤ የሚሠራላችሁ ከሆነ ቀጥሉ፣ ጠብ የለኝም። ሆኖም እዚህ አገር ሰርቨር የሚያስተዳድረው አብዛኛው ሰው ያደገው በዊንዶውስ ነው፣ ፓወርሼል ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ ያለ፣ ከ2016 ወዲህ ደግሞ ኮዱ የተከፈተና ሊኑክስ ላይም የሚሮጥ ነው። ይበልጥ የምወደው ግን ሌላ ነገሩን ነው። ከትእዛዝ ወደ ትእዛዝ የሚያሳልፈው ተራ ጽሑፍ አይደለም፣ ራሱ ዕቃው ነው። ፕሮፋይሉን ሲያመጣ ስሙን፣ ቴምፕሌቱን፣ የፈርምዌር መሠረቱን፣ ኮኔክሽኖቹን ለየብቻ ይዞ ይመጣል፤ መስመር እየቆረጡ፣ ክፍተት እየቆጠሩ ቃል መልቀም የለም።

ሁለተኛው ደግሞ የትእዛዞቹ ስም አወጣጥ ነው። ሁሉም በግስ ይጀምራሉ። «ጌት» የሚል ያነባል፣ «ሴት» የሚል ይቀይራል (ከእኛዋ ሴት ጋር ዝምድና የለውም)፣ «ሪሙቭ» የሚል ያጠፋል። ይህ ትንሽ ነገር ይመስላል። ግን ኮድ የማይጽፍ ኦዲተር ወይም የክፍል ኃላፊ ስክሪፕቱን አትሞ በእርሳስ እያሰመረ «ይህ የሚያነብ ብቻ ነው» ብሎ መፈረም ይችላል ማለት ነው። ሬድፊሽን የሚጠይቀው «ኢንቮክ-ሬስት-ሜተድ» ላይ ብቻ ዓይኑን ከፍቶ ሜተዱ «ጌት» መሆኑን ይይ። የሪፖርት ስክሪፕት ማንበብ እንጂ መንካት የለበትም። «ልዩነት ካገኘ በዚያው ያስተካክለው» የሚል ፈተና ሁልጊዜ ይመጣል፤ እምቢ በሉ። የባዮስ ለውጥ ሪስታርት ይፈልጋል፣ ሪስታርት ደግሞ ሌሊት ላይ በስክሪፕት የሚወሰን ነገር አይደለም።

አሁን ስክሪፕት የጻፋችሁት ሰዎች የምትስቁበት ክፍል መጣ። ብዙ ሪፖርት ቅርጹ አምሮ ውስጡ ባዶ ነው።

በጣም የተለመደውን ልጥቀስ። ፕሮፋይሎቹን አምጥቶ ቀጥታ ወደ ሲኤስቪ መላክ። ፋይሉ ሲከፈት የኮኔክሽን ዓምዱ ከላይ እስከ ታች «ሲስተም.ኦብጀክት» የሚል ከነቅንፉ ተደርድሮበታል። በአንድ ፕሮፋይል ውስጥ ብዙ ኮኔክሽን ስላለ ዝርዝሩን በአንድ ሳጥን ማስገባት አልቻለም፤ ዕቃውን ትቶ የዕቃውን ዓይነት ስም ጻፈ። ይህ ፋይል ለኃላፊ ቀርቦ፣ ተፈርሞ፣ ፋይል ተደርጎ አይቻለሁ። ማንም አላነበበውም ማለት ነው። ወደ ጄሰን ሲቀየርም እንደዚሁ ነው፤ ካልነገራችሁት በስተቀር የሚወርደው እስከ 2 ደረጃ ጥልቀት ብቻ ነው፣ ከዚያ በታች ያለውን ይቆርጠዋል። የሰርቨር ፕሮፋይል ደግሞ ከ2 ደረጃ በላይ የጠለቀ ነው። ዲፕዝ የሚለውን ከፍ አድርጉ።

የእኛ ብቻ የሆነ ችግርም አለ። ከዊንዶውስ ጋር የሚመጣው 5.1 ሲኤስቪ ሲጽፍ ካልተነገረው በቀር በአስኪ ነው። የሰርቨሩ መግለጫ ላይ «ደሞዝ» ወይም «ሀዋሳ ቅርንጫፍ» ብላችሁ በአማርኛ ከጻፋችሁ በሪፖርቱ ላይ የጥያቄ ምልክት ብቻ ተሰልፎ ታገኙታላችሁ። አዲሱ 7 ይህን አስተካክሎታል፤ በዩቲኤፍ 8 ይጽፋል። ሆኖም ያለ መለያ ምልክቱ ስለሚጽፍ ኤክሴል በሁለት ክሊክ ሲከፍተው ፊደሉን ያበላሸዋል። ዩቲኤፍ 8 ከነቦሙ ብላችሁ እዘዙት፣ ግልግል። ስለ ቀን ደግሞ፣ የዶትኔት ላይብረሪ የዕብራውያንን፣ የሂጅራን፣ የፋርስን ካላንደር ይዞ የእኛን አልያዘም። የበጀት ዓመቱ በሰኔ 30 ለሚዘጋ መሥሪያ ቤት ሪፖርት የሚያዘጋጅ ሰው መቀየሪያውን ራሱ መጻፍ አለበት። ከባድ አይደለም፣ ግን ያናድዳል። የእኔ ምክር፦ በፋይሉ ስም ላይ የፈረንጁን ቀን ዓመት አስቀድማችሁ ጻፉ፣ በቅደም ተከተል ይደረደርላችኋል፤ የእኛን ቀን ገጹ ራስጌ ላይ አድርጉት።

ከሁሉ የከፋው ግን ዝምታ ነው። ስክሪፕቱ ስህተት ሲያገኝ ዝም ብሎ እንዲያልፍ የሚያደርገውን መቼት የማያውቅ የለም። አርባ ሰርቨር ይጠየቃል፣ ሁለቱ አይመልሱም፣ ሪፖርቱ 38 መስመር ይዞ ይወጣል፣ 38ቱም ጤነኞች ናቸው፣ ሁሉም ይደሰታል። መጠየቅ የነበረባቸው ሁለቱ ነበሩ። ስለዚህ ሪፖርቱ ሲጀምር ስንት ሰርቨር ሊጠየቅ እንደነበር፣ ስንቱ እንደመለሰ ይጻፍ፤ ያልመለሰው ሰርቨርም የራሱ መስመር ይኑረው፣ «አልመለሰም» የሚል። በእኔ እምነት ከሪፖርቱ ሁሉ የመጀመሪያው መነበብ ያለበት ያ መስመር ነው።

አረንጓዴ ምልክት ላይም አንድ ነገር ልበል። ዋን ቪው እያንዳንዱ ፕሮፋይል ከቴምፕሌቱ ጋር ይስማማ አይስማማ ይነግራችኋል፤ በፓወርሼልም ያንን አንድ ዓምድ ለቅሞ ማውጣት የአንድ መስመር ሥራ ነው። ጥሩ መነሻ ነው። ግን «ተስማምቷል» ማለት «ትክክል ነው» ማለት አይደለም። ቴምፕሌቱ ሲሠራ ባዮስን አስተዳድር የሚለው ሳጥን ካልተነካ ባዮስ አይነጻጸርም፤ ሰርቨሮቹ በባዮስ አሥር ዓይነት ቢሆኑም ምልክቱ አረንጓዴ ነው። ቴምፕሌቱ ራሱ የተሳሳተ ከሆነም ሁሉም ልጆች በእኩል ተሳስተው ይስማማሉ። ስለዚህ ሪፖርቱ ላይ ቴምፕሌቱ የትኞቹን ክፍሎች እንደሚያስተዳድር የሚያሳይ ዓምድ ጨምሩ። ከዚያም በላይ፣ ከፕሮፋይሉ ጎን ሰርቨሩን ራሱን በሬድፊሽ ጠይቁና መልሱን አስቀምጡ። ፕሮፋይሉ የፈለግነውን ይናገራል፣ ሰርቨሩ የሆነውን ይናገራል። የሚጠቅመን በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት ነው።

ርዝመቱንም አስቡበት። በየሳምንቱ 60 ገጽ የሚልክ ሰው በሦስተኛው ሳምንት የሚያነብለት አያገኝም። ሙሉውን ለኦዲትና ለመዝገብ አስቀምጡት፤ በኢሜይል የሚላከው ግን ካለፈው ሳምንት የተለየው ብቻ ይሁን። «ሰርቨር 14፣ የኔትወርክ ካርድ ፈርምዌር ተቀይሯል፤ ሰርቨር 22፣ ሴኪዩር ቡት ጠፍቷል።» ሁለት መስመር። ሴኪዩር ቡትን ማን አጠፋው፣ ለምን አጠፋው የሚለው ጥያቄ በዚያው ጠዋት ይጠየቃል። ምናልባት አሮጌ ድራይቨር ለመጫን ነው፣ ምናልባት ሌላ ነው።

ወደ ተቃውሞዎቹ ልምጣ።

አንደኛው «ማስተዳደሪያ ሶፍትዌር ገዝተናል፣ ሪፖርት አለው» የሚል ነው። አለው። ግን የዴሉ ዴልን ብቻ ነው በደንብ የሚያውቀው፣ የኤችፒውም ኤችፒን። ጨረታ በየዓመቱ ሌላ ብራንድ ያሸንፋል፣ የኛ ራክ ደግሞ የሁሉም ድብልቅ ነው። ሁሉንም በአንድ ሰንጠረዥ የሚያስቀምጥ ነገር እንደ ሙጫ ራሳችን መሥራት አለብን። የሶፍትዌሩ ፈቃድ የሚታደሰውም በውጭ ምንዛሪ ነው፤ እድሳቱ በዘገየበት ዓመት ሪፖርቱም አብሮ ይዘገያል።

ሁለተኛው የደኅንነት ጥያቄ ነው፣ እሱን አከብረዋለሁ። ስክሪፕት ውስጥ የይለፍ ቃል ጽፎ በሼርድ ፎልደር ማስቀመጥ ዳታ ሴንተሩን ቁልፉን በሩ ላይ ሰክቶ መሄድ ነው። ዊንዶውስ ላይ የይለፍ ቃሉን በክሊኤክስኤምኤል ብታስቀምጡት ያስቀመጠው ተጠቃሚ በዚያው ማሽን ላይ ካልሆነ በስተቀር አይፈታም፤ ሊኑክስ ላይ ግን ያ ጥበቃ የለም፣ ልብ በሉ። ለስክሪፕቱ ማንበብ ብቻ የሚችል አካውንት ክፈቱለት። የወጣው ሪፖርትም ራሱ ምስጢር ነው፦ አድራሻዎች፣ የተጠቃሚ ስሞች፣ ያልታደሱ ፈርምዌሮች ዝርዝር። ለሌባ ካርታ ማለት ነው፤ በቴሌግራም ግሩፕ አትላኩት። ይህን ስል ግን አንድ ነገር ይገርመኛል። ስለ ስክሪፕቱ ደኅንነት አጥብቀው የሚጠይቁኝ ሰዎች ቤት ውስጥ አሮጌ አይድራኮች ዛሬም ዴል ሲልካቸው በነበሩበት «ሩት» እና «ካልቪን» ይከፈታሉ። ያንን የሚያጋልጠውም ይኸው ስክሪፕት ነው።

ሦስተኛውን ምክንያት ማንም ጮክ ብሎ አይናገረውም። ሰርቨሮቹን የሚያውቀው አንድ ሰው ብቻ ሲሆን ያ ሰው ይከበራል፤ ሌሊት ይደወልለታል፣ ፈቃድ ሲወጣ ቤቱ ይናወጣል። ስክሪፕቱ ያንን እውቀት ሁሉም የሚያነበው ወረቀት ላይ ያወርደዋል። ከዚህም ሌላ፣ የመጀመሪያው ሪፖርት ሁልጊዜ አስቀያሚ ነው። ዓመታት የተከማቸ ልዩነት በአንድ ቀን ይወጣል፣ ኃላፊውም «ይህን ሁሉ ማን አበላሸው?» ብሎ ይነሳል። እዚህ ላይ ለኃላፊዎች ነው የምናገረው፦ በመጀመሪያው ሪፖርት ማንንም አትገምግሙ። ከገመገማችሁ ሁለተኛው ሪፖርት ንጹሕ ሆኖ ይመጣላችኋል፣ ሰርቨሮቹ ስለተስተካከሉ ሳይሆን ስክሪፕቱ እንዳያይ ስለተደረገ። የመጀመሪያውን እንደ መነሻ ያዙት፣ ከዚያ በየሳምንቱ የልዩነቱ ቁጥር እየቀነሰ መሆኑን ጠይቁ። ሁሉም ልዩነት ጥፋት እንዳልሆነም እወቁ። የባክአፕ ሰርቨሩ ሴቲንግ ከዳታቤዙ የሚለይበት በቂ ምክንያት ሊኖር ይችላል፤ ምክንያቱ በአንድ መስመር ተጽፎ፣ ማን እንደፈቀደው ተጠቅሶ፣ ከስክሪፕቱ ጎን በሚቀመጥ ፋይል ላይ ይስፈር። ስክሪፕቱ ያንን ፋይል አንብቦ «የታወቀ» ብሎ ያልፈዋል።

ስክሪፕቱ ራሱ የት ይኑር? በአንድ ልጅ ላፕቶፕ ላይ ከሆነ ከኤክሴሉ የሚለየው በቅጥያው ብቻ ነው። ጊት ላይ ይቀመጥ፣ የሚሮጠውም በማንም ሰው ስም ሳይሆን በራሱ የሰርቪስ አካውንት ይሁን። ልጁ መልቀቂያ ያስገባና አካውንቱ ይዘጋል፣ ታስክ ሼድዩለሩ በየሰኞው ይሞክራል፣ ይወድቃል፣ ኢሜይሉ አይመጣም። ያልመጣ ኢሜይል ደግሞ ማንንም አያስቸግርም፤ እንዲያውም «በዚህ ሳምንት ልዩነት የለም» ማለት ይመስላል። ስለዚህ ልዩነት በሌለበት ሳምንትም ይምጣ፣ «40 ተጠየቁ፣ 40 መለሱ፣ ለውጥ የለም» የሚል አንድ መስመር ይዞ። የሰኞው ስብሰባም በዚያ መስመር ይጀምር፤ ሳይመጣ ከቀረ ማን ተነስቶ እንደሚያየው ስሙ አስቀድሞ ይታወቅ።